ሕፃን ኤልዳና ፓይለት እሆናለሁ አለች

ሰው በስድስት ዓመቱ ለተናገረው ነገር በሰባ አራት ዓመቱ ሊጠየቅ ይገባል? አስካለ ይህን ጥያቄ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በእናቷ ሳሎን ውስጥ ቆማ ለራሷ አቀረበች። መልስ አልነበራትም። መልስ ያላቸው ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር።

አቶ ማስረሻ ይባላሉ፤ በአርባ ግራር ከተማ የርዕስ ማስፈጸሚያ ጽሕፈት ቤት የሰሜን ቀበሌዎች ተጠሪ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ለቅሶ አይቀሩም፤ ሠርግ ሲጠሩ ቀድመው ይደርሳሉ። ለሥራ ወደ ሰው ቤት ሲመጡም መጀመሪያ የቤተሰቡን ጤና፣ ቀጥለው የጎረቤቱን ጤና ጠይቀው ሲያበቁ ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት።

«እንግዲህ እናቴ፣» አሉ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ «ርዕስዎ ተገኝቷል።»

«የማን ርዕስ?» አሉ እማማ ኤልዳና።

«የእርስዎ ነዋ። የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት፣ በእንቁጣጣሽ ዕትም፣ የልጆች ገጽ ላይ። ‹ሕፃን ኤልዳና አድጌ ፓይለት እሆናለሁ አለች› ይላል። ፎቶም አለው። የፊት ጥርስ የለዎትም።»

«አሁንስ መቼ አለኝ» አሉ እማማ ኤልዳና፣ ሳቁም።

አቶ ማስረሻም አብረው ሳቁ። ከዚያ የሥራ ፊታቸውን መለሱ። በርዕሱ ላይ እስካሁን ማስተባበያ አልወጣም፤ ያልተስተባበለ ርዕስ ደግሞ ቃል ነው። ይህ አባባል በጽሕፈት ቤታቸው በር ላይም፣ ደረታቸው ላይ በተንጠለጠለው ባጅ ላይም ተጽፏል። የአብራሪዎች ማሠልጠኛው አዲስ ዙር ከጥምቀት ማግስት ይጀምራል። ለእማማ ኤልዳና አልጋ ተይዞላቸዋል፤ መስኮት አጠገብ ነው።

«ሰባ አራት ዓመቷ እኮ ነው፣ አቶ ማስረሻ» አለች አስካለ።

«ርዕሱ ‹አድጌ› ነው የሚለው፣ እህቴ» አሉ አቶ ማስረሻ በትሕትና። «አድገዋል።»

የርዕስ አዋጁ ሲወጣ አስካለ አገር ውስጥ አልነበረችም። ቻይና፣ ሃርቢን የምትባል ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ውስጥ ድልድይ ሥራ ትማር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይታ ስትመለስ ነገሩን እንግዳ አድርጎ የሚያወራ ሰው አላገኘችም። ድሮ በየጋዜጣው «ይቀረፋል»፣ «ተጠናቀቀ»፣ «ትሆናለች» እየተባለ የተጻፈው ሁሉ እየተነበበ በተራ ይፈጸማል፤ በቃ። ሰው ስለ ዝናብ የሚያወራውን ያህል ነው ስለ ርዕስ የሚያወራው።

በአርባ ግራር «የውኃ ችግር በሚቀጥለው ዓመት ሙሉ በሙሉ ይቀረፋል» የሚል ዜና አሥራ ሰባት ዓመት በተከታታይ ስለተጻፈ፣ በየቤቱ አሥራ ሰባት ቧንቧ ተተክሏል። ውኃው በየትኛው እንደሚመጣ ርዕሶቹ አይናገሩም። ስለዚህ ሰው ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ከመኝታ ቤት እስከ ጓሮ ቧንቧዎቹን እየዞረ ይከፍታል። ከተማዋ «የቱሪስት መናኸሪያ ትሆናለች» ስለተባለችም ቀበሌዎቹ በወር ተራ ቱሪስት ይሆናሉ። ተራ የደረሰው ባርኔጣ አድርጎ፣ ካሜራ አንግቶ የሌላውን ቀበሌ ሰው ልብስ ሲያሰጣ፣ ሽንኩርት ሲገዛ ያነሣዋል፤ የሚነሣውም ሥራውን ሳያቋርጥ ፈገግ ይላል። «ነዋሪዎች ደስታቸውን ገለጹ» የሚለው ርዕስ ደግሞ ከሁሉም በቁጥር ስለሚበልጥ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነዋሪው አደባባይ ወጥቶ ደስታውን ይገልጻል። ሃያ ደቂቃ ነው። የታመመ ይቀራል።

የአስካለ ሥራም ከዚሁ የራቀ አልነበረም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ «ተጠናቆ ለአገልግሎት በቃ» የተባለ ድልድይ ነበረ፤ ማለት ጋዜጣው ላይ ነበረ። እሷ በተቀጠረች ጊዜ እንድትሠራው ተሰጣት። ወንዙ ከተወሰኑ ዓመታት በፊት መንገዱን ቀይሮ ሄዷል፤ ርዕሱ ግን ቦታውን በግልጽ ጠቅሷል። ሠራችው። ቀጥ ያለ፣ የማይነቀነቅ፣ የሚያኮራ ድልድይ ነው፤ ከሥሩ ፍየሎች ይግጣሉ። ሰው ሜዳውን ትቶ በላዩ ይሻገራል፣ ምክንያቱም «ኅብረተሰቡ በድልድዩ እየተጠቀመ ነው» የሚል ሌላ ርዕስ አለ።

አስካለ በተፈጥሮዋ ነገርን ሁሉ ሁለት ጊዜ የምትለካ፣ የተነገራትን ቶሎ የማትቀበል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚከብዳት ሰው ናት። ከተመለሰች ወዲህ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተነሥታለች። ሁለቱንም ጊዜ ያስቀሯት እናቷ ናቸው። አትሂጂ ብለዋት አይደለም፤ በር ላይ ሲሸኟት ጉልበታቸውን ሲያሹ አይታ ነው። አባቷ ሞተዋል፣ እህት ወንድም የላትም። እማማ ኤልዳና ማሠልጠኛ ገብተው ሰማይ ላይ ከወጡ፣ ይህችን ከተማ ቤቴ የምትልበት ምንም ነገር አይቀራትም። አቶ ማስረሻን እስከ ውጭ በር ሸኝታ ስትመለስ የወሰነችው አንድ ነገር ነበር፦ እናቷ አይሄዱም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሶልያና መጡ። የእናቷ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። በእነሱ ዘመን ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ማክቤል የልጅ ስም ነበሩ፤ አሁን የሰማቸው ሁሉ ምርኩዝ ነው የሚታየው። የአስካለ ዘመን ወላጆች ግን አዲስ ስም ፈልገው ልጆቻቸውን አስካለ፣ በላይነሽ፣ ወርቅነህ ብለዋቸዋል። እትዬ ሶልያና በዚያው የእንቁጣጣሽ ዕትም፣ በዚያው ገጽ ላይ «ዶክተር እሆናለሁ» ብለው ወጥተዋል። የእሳቸው ርዕስ ቀድሞ ስለተገኘ አሁን ተለማማጅ ሐኪም ናቸው። ነጭ ጋውናቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«እንኳን ደስ አለሽ ይባላል? ምን እንደሚባል እንኳ አላውቅም» አሉ። «እግሬ አለቀ። ዛሬ አንድ የሃምሳ ዓመት ልጅ መርፌ ልወጋው ስል፣ ‹እማማ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል› አለኝ።»

«ወጋሽው?»

«ራሱን ወጋ። እኔ ፈረምኩ።»

እማማ ኤልዳና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንቺስ መሬት ላይ ነው የምትንቀጠቀጪው። እኔ ደመና ውስጥ ልንቀጠቀጥ ነው።»

የዚያን ዘመን ሕፃናት ከአሥሩ ስምንቱ ዶክተር እሆናለሁ ብለዋል። በአርባ ግራር ሆስፒታል ከበሽተኛው ይልቅ ሐኪሙ ይበዛል፤ በዕድሜም ይበልጣል። ቧንቧ ሠራተኛ እሆናለሁ ያለ ሕፃን ግን በየትኛውም ዕትም ላይ እስካሁን አልተገኘም። አውሮፕላን ደግሞ ያለ ሰው መብረር ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ፓይለት እንሆናለን ላሉት ሲባል መሪና ወንበር ያላቸው፣ በፀሐይ የሚሄዱ ትንንሽ አውሮፕላኖች እንደገና ተሠርተዋል። ቀን የሰበሰቡት ኃይል ሌሊቱን ያሳድራቸዋል ይባላል።

«እኔን የሚገርመኝ» አሉ እትዬ ሶልያና ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «አንቺ ፓይለት አላልሽም እኮ።»

«ሶልዬ፣ ሻይሽን ጠጪ።»

አስካለ ከጓዳ ሰማች። እትዬ ሶልያና ሲወጡ እስከ መንገዱ ማዶ ተከተለቻቸው።

«እትዬ፣ ምን ነበር ያለችው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ይንገሩኝ። እናቴ ናት።»

እትዬ ሶልያና ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ቆመው ነገሯት። ጋዜጠኛው የመጣው ሙአለ ሕፃናታቸው ድረስ ነው። መምህሯ አንድ ሳምንት ሙሉ አስጠንታቸዋለች፦ ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ሲባል ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት በሉ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። ሶልያና የተባለችውን አለች። ኤልዳና ተራዋ ሲደርስ «ጸጉር እሠራለሁ» አለች።

«ጋዜጠኛው ‹ጎበዝ፣ ሌላስ?› አላት። ‹ጸጉር› አለች ደግማ። ‹ዶክተር ነው ፓይለት?› አላት። ዝም አለች። አውቃታለሁ፣ ስትናደድ ዝም ነው የምትለው። እሱም መምህሯን ዞሮ አያትና ‹ዶክተር በዝቶብኛል፣ ይህችን ፓይለት ልበላት› አለ። መምህሯ ‹ይሻላል› አለች። ከዚያ ከረሜላ ሰጡን።»

አስካለ ከተመለሰች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ወረፋው ላይ አንድ ሽማግሌ ድምፃዊ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ አበባ ሰክተው ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው በየቃለ መጠይቁ «በቅርቡ አገባለሁ» ይሉ ስለነበር ሙሽራ እስክትገኝላቸው ይጠብቃሉ። «ማስተባበል አይሻልዎትም?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ልጄ፣ እዚህ ድረስ ከመጣሁ አይቀር ትምጣና እንያት» አሏት።

አቶ ማስረሻ የሆነውን ሁሉ በጥሞና ሰሙ።

«ምስክር ጥሩ ነው» አሉ። «ግን የሚያስተባብለው ባለርዕሱ ራሱ ነው። ነገ ሐሙስ የማረጋገጫ ቀን ነው፤ እናትሽ ይምጡና ‹አላልኩም› ይበሉ። አንዲት ቃል ናት። እኔም ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። የባለቤቴን የሙሽርነት ጸጉር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀን ሳይፈታ ነው የቆየው።»

ቤት ስትደርስ እማማ ኤልዳና ማበጠሪያና ቅቤ አቅርበው ይጠብቋት ነበር። ጸጉር ቤታቸውን ከዘጉ አራት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ግን ሥራ መፍታት አይወድም። «ነይ፣ ይሄ ምንድን ነው አናትሽ ላይ የተሸከምሽው» አሏት። አስካለ ትንሿ በርጩማ ላይ፣ በእናቷ ጉልበቶች መካከል ተቀመጠች። እንዲህ ሲቀመጡ ፊት ለፊት አይተያዩም።

«እማዬ፣ ጸጉር እሠራለሁ ነው ያልሽው።»

የእናቷ እጅ አልቆመም። «ሶልያና አፏ አያርፍም።»

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ሐሙስ ‹አላልኩም› ትያለሽ፣ ያልቃል።»

«አንገትሽን አታወዛውዢብኝ።»

አስካለ አንገቷን ቀጥ አደረገች። «ደግሞ ያልሽውን ሆነሻል እኮ። ጸጉር እሠራለሁ አልሽ፣ ሠራሽ። ከዚያ ገጽ ላይ ከነበሩት ሁሉ ቃሏን የጠበቀች አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እሱስ ልክ ነሽ።» ማበጠሪያው መስመር ከፈለ። «አርባ ዓመት ሠራሁ። አርባ ዓመት የሰው አናት ሳይ ኖርኩ። የአርባ ግራርን ሴት በሙሉ ከፊቷ ይልቅ በአናቷ ነው የማውቃት። ቀና ስል ደግሞ ኮርኒስ ነው።»

«ጉልበትሽ ደረጃ አይወጣልሽም።»

«አውሮፕላን በጉልበት አይነዳም።»

«እማዬ፣ የምትቀልጂበት ነገር አይደለም። ልትሞቺ ትችያለሽ።»

«እዚህስ?»

እናቷ ጉንጉኑን ጠበቅ አደረጉት፤ የአስካለ የራስ ቆዳ ተሳበ።

«ስሚ» አሉ። «ከዚያ ጋዜጠኛ ወዲህ ምን መሆን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው የለም። አባትሽ ነፍሱን ይማረው፣ ጥሩ ሰው ነበር፤ እሱም አልጠየቀኝም። ጋዜጠኛውም መልሴን አልሰማም። ቢሆንም ጠየቀ።»

«እኔ ልጠይቅሽ። ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?»

«አሁን?» እማማ ኤልዳና በአፍንጫቸው ሳቁ። «አሁንማ ለአንቺ የሚመችሽን እንድመልስልሽ ነው የምትጠይቂኝ። እሱም እንደዚሁ ነበር።»

«እኔ እኮ የተመለስኩት ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ነይ ብዬሽ ነበር?» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። «አስኩ፣ አንቺ ዘጠኝ ዓመት ስትቀሪ ማስተባበያ አወጣሁብሽ? ስንቅሽን ቋጥሬ ሸኘሁሽ። ዞሪ፣ ይሄኛው ወገን ቀርቷል።»

አስካለ ዞረች። ጉንጉኑ ሲያልቅ ተነሥታ ማበጠሪያውንና ቅቤውን ወደ ጓዳ መለሰች። ያም ሆኖ ሐሙስ እናቷ አዳራሹን፣ ሰዉን ሲያዩ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብላ ታስብ ነበር። እናቷ ዕድሜ ልካቸውን ጋዜጣ ላይ የተጻፈ ነገር ሲስቁበት እንጂ ሲያምኑት አይታ አታውቅም።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ባለርዕሶች በርዕሳቸው ላይ በተጻፈው ስም ነው የሚጠሩት።

«ሕፃን ኤልዳና» አሉ አቶ ማስረሻ።

እማማ ኤልዳና የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሡ። የሚወዱትን ሐምራዊ ሻሽ አስረዋል።

«ሕፃን ኤልዳና፣ አድጌ ፓይለት እሆናለሁ ብለዋል ወይስ አላሉም?»

«ብያለሁ።»

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። እትዬ ሶልያና ነበሩ፤ ዛሬም ጋውን ለብሰዋል። «አላለችም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።»

«አንቺ ያን ቀን ጆሮሽን አሞሽ ጥጥ ተወትፎብሽ ነበር» አሉ እማማ ኤልዳና ዞር ሳይሉ።

«ግራው ጆሮዬን ነው!»

«በግራሽ ነበርኩ።»

አዳራሹ ሳቀ። አስካለ ብድግ አለች። የምትናገረውን ከትናንት ጀምሮ አስባበታለች፤ አሁን ግን የመጣላት አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «እናቴ እየዋሸች ነው።»

አቶ ማስረሻ በሐዘኔታ አዩዋት። «እህቴ፣ ባለርዕሷም ጋዜጣውም አንድ ቃል ተናግረዋል። እኔ ከሁለቱ ወጥቼ ማንን ልመን?» አሉና ወደሚቀጥለው ስም ሄዱ።

እማማ ኤልዳና ከጥምቀት ማግስት ሄዱ። ማሠልጠኛው ከከተማዋ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አስካለ እሑድ እሑድ ትሄድ ነበር። አርባ የሚሆኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ወገባቸው ላይ ሰፋ ተደርጎ የተሰፋ ሰማያዊ ልብስ ለብሰው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለ ነፋስ ይከራከራሉ። አሠልጣኛቸው ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት፣ በለጡ የምትባል ልጅ ናት። «አባባ ማክቤል፣ በመስተዋቱ እየተላጩ አይደለም የሚነዳው» ስትል እሳቸው «እሺ ልጄ» ይላሉ።

እናቷ ከስተዋል፤ ጠቁረዋልም። ስለ ቤቱ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ግን እስከ መጨረሻው አይሰሙም። ዓይናቸው ሜዳው ላይ ነው። አንድ እሑድ «ዛሬ ብቻዬን አነሣኋት» አሏት፣ ጎረቤት ስለ ወለደች ሴት እንደሚያወራ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አስካለ «ጎበዝ» አለች። ወደ ከተማ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ፣ ጎበዝ ማለት አልነበረብኝም እያለች መጣች።

አንድ ተስፋ ነበራት። ከመጨረሻው በረራ በፊት የልብ ምርመራ አለ፤ መርማሪዋም ተራ ደርሷቸው የተመደቡት እትዬ ሶልያና ናቸው። ሆስፒታሉ ድረስ ሄደች።

«እትዬ፣ ልቧ ደካማ ነው ይበሉልኝ።»

እትዬ ሶልያና የማዳመጫውን ገመድ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት።

«ስድስት ዓመት ተምሬ» አሉ፣ «የተረዳሁት ነገር ቢኖር ይህ ማዳመጫ የሚያሰማኝ ጥቂት መሆኑን ነው። የብዙውን ሰው ልብ በግምት ነው የምጽፈው። የእናትሽን ግን ሰማሁት። ከበሮ ነው። እኔ እንደዚያ ያለ ልብ ቢኖረኝ እዚህ አልቀመጥም ነበር።»

«እርስዎ እኮ አላለችም ብለው የመሰከሩላት ሰው ነዎት።»

«ያን ጊዜ መሄድ የማትፈልግ መስሎኝ ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

በረራው መስከረም ላይ፣ ማክሰኞ ቀን ዋለ። ጽሕፈት ቤቱ ሁለቱን ነገር በአንድ ለመጨረስ አስቦ የነዋሪውን ደስታ ወደ ማሠልጠኛው ሜዳ አዛወረው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የአርባ ግራር ሕዝብ ሣሩ ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ጀመር። የወሩ ቱሪስቶችም ባርኔጣቸውን አድርገው ፎቶ ያነሣሉ።

እማማ ኤልዳና ከበለጡ ጋር መጡ። ራሳቸውን በራስ ቁር ስለሸፈኑ ጸጉራቸው አይታይም። አስካለ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሹሩባሽ ተበላሽቷል» አሏት።

«ስትመለሺ ትሠሪኛለሽ።»

እናቷ ጉንጯን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አደረጉ። ወደ አውሮፕላኗ የሚያስወጣው መሰላል ባለ ሦስት ደረጃ ነው። እማማ ኤልዳና አንድ ጊዜም ጉልበታቸውን ሳይዙ ወጡት።

አውሮፕላኗ ድምፅ የላትም። ሣሩ ላይ ተንደረደረች፣ ከዚያ መንደርደሯ ቀረና ከፍ አለች። ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞራ እንድትወርድ ነው የታሰበው። አንድ ጊዜ ዞረች፤ ክንፏ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ሕዝቡ፣ የታዘዘውም ያልታዘዘውም፣ እልል አለ። ሁለተኛ ዞረች። በሦስተኛው መታጠፍ ያለባት ቦታ ላይ ሳትታጠፍ ቀረች። ቀጥ ብላ ወደ ምሥራቅ ሄደች። ሰው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አያት፤ ሃያው ደቂቃ ስላላለቀ ግን ጭብጨባው አልቆመም።

አስካለ እየሮጠች ወደ በለጡ ሄደች። በለጡ በእጇ የያዘችውን፣ በረራውን የሚያሳይ ሰሌዳ አፍጥጣ ታያለች።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆኑም፣ እህቴ። ከፍታው ጥሩ ነው። መሪውን ቀጥ አድርገው ይዘውታል፣ እኔም እንደዚህ አልይዘውም። ሬዲዮውን ግን አጥፍተውታል።»

«ከዚህ ሆነሽ መልሺያት! አይቻልም?»

«የባለርዕስ አውሮፕላን ከመሬት አይነዳም። እኔ ከነዳሁት እሳቸው ፓይለት አልሆኑም ማለት ነው።»

አቶ ማስረሻ ደርሰው አጠገባቸው ቆመው ነበር። ከሕዝቡ ጋር ሲያጨበጭቡ የቆዩት እጆቻቸው አሁን ኪሳቸው ውስጥ ናቸው። አውሮፕላኗ በሜዳው ዳር ካሉት ግራሮች በላይ ነጥብ አክላለች።

«ርዕሱ ተፈጽሟል» አሉ። ያሉት ግን በደስታ ድምፅ አልነበረም።

«ትመለሳለች ወይ፣ አቶ ማስረሻ?»

አቶ ማስረሻ ሊዋሹላት ፈልገው እንደነበር ፊታቸው ላይ ታየ፤ ልማዱ ግን አልነበራቸውም።

«ርዕሱ እሆናለሁ ነው የሚለው፣ እህቴ። ስለ መመለስ የተጻፈ ነገር የለም።»

ሕዝቡ ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ወደየሥራው ተበተነ። እትዬ ሶልያና አጠገቧ ትንሽ ተቀምጠው፣ እጇን ይዘው ቆዩና ተረኛ ስለሆኑ ሄዱ። አቶ ማስረሻ መኪናቸውን አስነሥተው «ላድርስሽ» አሏት፤ አይ አለች። በለጡ በየሰዓቱ ብቅ እያለች ከሰሌዳዋ ላይ ታነብላት ነበር፦ ደህና ናቸው፣ ተራራውን አልፈዋል፣ አሁንም ደህና ናቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሌዳው ከሚያሳየው ክልል ወጡ። ጽሕፈት ቤቱ በበኩሉ «ሕፃን ኤልዳና ፓይለት ሆነች» የሚለውን ዜና አውጥቶ መዝገቡን ዘጋ።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል አስካለ ሣሩ ላይ እንደተቀመጠች ስልኳን አወጣች። «ተመለሺ» ብላ ጻፈች። አየችውና አጠፋችው። «የት ነሽ» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። ምሥራቁን አየች፤ ሰማዩ ባዶ ነበር፣ ሰፊም ነበር፤ እንደዚያ ሰፊ መሆኑን ከዚያ በፊት ልብ ብላው አታውቅም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያየች፣ «እማዬ፣ አትቸኩዪ» ብላ ጻፈችና ላከችው።

መልእክቱ እንደ ደረሰ ስልኩ አሳወቃት። አስካለ ሣሩ ጤዛ እስኪይዝ ጠበቀች። መልስ አልመጣም፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም።